በወፍጮ ቤት ለሱሀይላ የተደረገው ዱዓ

ደሴ፣ ሆጤ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለቢልቂስ፤ ሻርጃ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱሏሂ ወበረካቱህ። በጦሳ ተራራ ላይ ዛሬ ጠዋት የወደቀውን ጤዛ ያህል ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔም፣ እናትሽ ሳፊያም፣ ወፍጮውም፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

በአሁኑ ሰዓት ደሴ ከተማ ውስጥ ከእኔ የበለጠ መጽሐፍ ያነበበ ሰው የለም። ደሴ ሰፊ ናት ካልሽ ሆጤ እንበለው። ሆጤም ብትሆን ጡረታ የወጡ መምህራን አሉባት፤ እንግዲህ የወፍጮ ቤቱን አጥር ግቢ ልበልሽ። እዚያ ግን እህል ጭነው ከሚመጡት አህዮች ጀምሮ የሚስተካከለኝ የለም።

የማታ ትምህርቱን ጨርሻለሁ። መምህርታችን ጽናት የምስክር ወረቀቱን ስትሰጠኝ፣ ከክፍሉ ሁሉ ጮክ ብሎ የሚያነበው ጋሽ ሙሄዲን ነው ብላ አስጨበጨበችልኝ። ሙገሳ ይሁን ስሞታ እስካሁን አልገባኝም። ዕድሜውን ከወፍጮ ጋር ሲነጋገር የኖረ ሰው ቀስ ብሎ ማንበብ ከየት ይምጣለት?

የላክሽው ካርቶን በሰላም ደርሷል። ተመልሼ የመጽሐፍ ኪራይ ቤት ብከፍት የአገሩ ሰው የትኛውን ይከራያል፣ አንብበው እውነቱን ይንገሩኝ ብለሻል። ሰውየውን አውቀሽ መርጠሻል። አንድ ሕግ ግን አለኝ፤ ድምፅ ቀድተሽ እንዳትልኪብኝ። ድምፅ ለመስማትማ ሳልማርም እችል ነበር። በወረቀት ጽፈሽ ፎቶውን በቴሌግራም ላኪ፣ እኔም እንደዚሁ አደርጋለሁ። መልሴ ቢዘገይ ቃል በቃል እየቆጠረ እያነበበ ነው ብለሽ አትጠርጥሪኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ከወፍራሙ ልጀምር። የሲራራ ነጋዴዎች ታሪክ ነው። ሰዎቹ በዝተዋል። አንድ ገጽ ላይ አምስት ባላባት ይሞታል፣ ቀጥሎ አምስት ይተካል፤ ለቅሶ ለመድረስ እንኳ ፋታ የለም። ደራሲው ግን በቅሎ ያውቃል። ገደል አፋፍ ላይ ቆማ አልሻገርም ያለችውን በቅሎ ታሪክ ወፍጮ አስቁሜ ነው ያነበብኩት። ስለ ሰው የጻፈው የሰማውን ነው፤ በቅሎዋ ግን ራሱን ሳትረግጠው አልቀረችም። ይህ ይከራያል። ደሴ ላይ ትልቅ መጽሐፍ ብብቱ ሥር ይዞ መታየት የሚወድ ሰው ሞልቷል። እኔም እስከ ፒያሳ ይዤው ወርጄ ነበር።

ሁለተኛው ሽፋኑ ላይ ክራባት ያሰረ ሰው የሚስቅበት ነው። ሀብታም መሆን ከፈለግህ ከወፍ በፊት ተነስ ይላል። ከወፍ በፊት ስነሳ ፂሜ ሸበተ፤ ያገኘሁት ሳል ብቻ ነው። ይሁንና በየገጹ “አንተ ትችላለህ” ይለኛል። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ያለኝ ሰው ስለሌለ አልጣልኩትም። ይህን የሚከራይ ብዙ ነው፤ የሚመልስ ግን የለም።

ሦስተኛው ግጥም ነው። የወረቀቱ ግማሽ ባዶ ነው። ግማሽ ቁና እህል አምጥታ ሙሉ ቁና ነው እንደምትለኝ ደንበኛ ሆነብኝ።

አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው።

አጎትሽ ሙሄዲን

---

ሻርጃ
ጥቅምት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለሙሄዲን፤

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱሏሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ፣ ሳልዎ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን ልብስ ስተኩስ አነበብኩትና የአሠሪዬን የማዳምን ሸሚዝ ክንዱ ላይ ላቃጥለው ነበር። ምን ያስቅሻል ብትለኝ በዐረብኛ የማስረዳበት ቃል አጣሁ።

ስለ በቅሎዋ ልክ ነዎት። ስለ ግጥሙ ግን አልስማማም። እኔ ከነዚያ መጻሕፍት ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው። ከአገር በሚመጡ ልጆች አንድ በአንድ እያስመጣሁ ነው ያጠራቀምኳቸው፣ አንብቤያቸው ነው መልሼ የላክኋቸው። ባዶ ነው ያሉት ቦታ እኮ ማረፊያ ነው። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ስላለው ቤት የሚናገረውን እስቲ ሰው የሌለ ጊዜ ያንብቡት።

አሁን ቁም ነገሬን ልንገርዎ። ማዳም ለተጨማሪ ሁለት ዓመት እንድፈርም ጠይቃኛለች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ልጆቿም ለምደውኛል። መልሴን እስከ ጥር አጋማሽ ትፈልጋለች። አምስት ዓመት ኖሬያለሁና ሌላ ሁለት አይከብደኝም። ነገር ግን የመጽሐፍ ቤቱ ነገር ከልቤ አልወጣ ብሎኛል። ደሴ ይሻላል ወይስ ኮምቦልቻ? ቦታ አይተው ይንገሩኝ።

ደግሞስ፣ መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ሲቆም፣ እህል ይዘው ለሚጠብቁት ሴቶች እንደሚያነቡላቸው በስልክ ነግረውኝ ነበር። እናቴ ትመጣለች? እሷስ የትኛውን ወደደች?

ልጅዎ ቢልቂስ

---

ደሴ፣ ሆጤ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለቢልቂስ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናሽን እንደ ሐይቅ ውኃ ያስፋልኝ።

ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር። ለመንገዱ ከእንግሊዝ ይሁን ከሩሲያ ብቻ ከፈረንጅ አገር ወደ አማርኛ የተመለሰውን ያዝኩ። ሰውየው ባቡር ጣቢያ ተቀምጧል፤ በረዶ ይወርዳል፤ ሻይ ሊያዝዝ ነው። ደሴ ስሳፈር ሊነሳ አሰበ፤ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ገና ማሰቡ ነው፤ ኮምቦልቻ ስደርስ ሻዩን ትቶ ስለ አባቱ ያስባል። እንዲህ ያለ ሰው ወፍጮ ቤት ቢመጣ ተራው አያልፍበትም ወይ ብዬ ተናደድኩ። ይሁን እንጂ ኮምቦልቻ ያ ሙቀት አለ አይደል፣ መናኸሪያው ጥግ ቁጭ ብዬ ሳነበው በረዶው ተሰማኝ። ኮቴን ቆለፍኩ፤ አጠገቤ ያለው ሰው ወባ ይዞት ነው ብሎ ራቀኝ። ስለዚህ ፍርዴ እንዲህ ነው፦ በረዶ ያለበት መጽሐፍ ለኮምቦልቻ ይከራያል፣ ለደሴ ግን ብርድ ላይ ብርድ ነው።

የግድያውን መጽሐፍ ወፍጮ ቤት አነበብነው። ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል ውስጥ ሰው ይሞታል፣ ገዳዩ አይታወቅም። እኔ ገና ከመጀመሪያው ገጽ አውቄው ነበር። እርግጥ መሀል ላይ ሐሳቤን ቀያይሬያለሁ። ወይዘሮ አትጠገብ ትዝ ትልሽ እንደሆነ፣ ያቺ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የምትኖረው፣ ሆቴሉን ያከራየው ሰውዬ ነው ብላ ድርቅ አለች። ምክንያትሽ ምንድን ነው ስላት አከራይ ስለሆነ ነው አለችኝ። እሱ ሆኖ ተገኘ። አሁን እንደ ዳኛ ነው የምትቀመጠው። ይህን መጽሐፍ ያለ ጥርጥር ያዥው፤ ነገር ግን ገዳዩን የምትናገር ደንበኛ ቅጣት ይኑራት።

ቦታን በተመለከተ እዚሁ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንድ ክፍል አይቻለሁ። ከጎኑ ፀጉር ቤት አለ፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው መጽሐፍ ይፈልጋል። እኔ ቧንቧ ውሃ እላለሁ።

እናትሽ ትመጣለች። እህሏን ታስቀምጥና ከሁሉም ራቅ ብላ ጥጉ ላይ ትቀመጣለች፤ ተራዋ ሲደርስም ለሌላ ትለቃለች። በቅሎዋን ወደደቻት። የግድያውን ሌላ ሥራ አጥታችሁ ነው አለች። አሁን ሽፋኑ ላይ ጃንጥላ ያለበትን ጀምሬያለሁ፤ ያንን ሱሀይላ የምትባል ልጅ ዐረብ አገር የሄደችበትን። እሱ ሲነበብ እህል መልቀም ታቆማለች። ስላንቺ ታነሳ እንደሆነ አልጠየቅሽኝምና እኔም አልመለስኩም፤ በመሀላችሁ ያለውንም አልጠይቅም።

አጎትሽ ሙሄዲን

---

ሻርጃ
ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? አላህ ጤናዎን ያብዛልኝ። የማዳም ልጅ ታማ ስለነበረች ዘገየሁ፤ አሁን ድናለች።

እባክዎ የጃንጥላውን መጽሐፍ ለእናቴ አያንብቡላት። ደራሲው ዐረብ ቤት ገብቶ አያውቅም፣ መወልወያም ይዞ አያውቅም። ልጅቷ መስኮት ላይ ቆማ በየቀኑ ባሕር እያየች ታለቅሳለች። እኛ መስኮት ላይ የምንቆመው መስታወቱን ልናጸዳ ነው። ያስርባታል፣ ይቆልፍባታል፣ ያስመታታል። የሚደርስባቸው የሉም አልልም፤ አሉ። እኔ ግን ሱሀይላ አይደለሁም፤ እናቴ እኔን እያሰበች ይህን እንድትሰማ አልፈልግም።

የቀረውንም ልንገርዎ፣ ጠይቀውኛልና። ማለት ሳይጠይቁ ጠይቀውኛልና። ቤት ለቅቄ ስወጣ እናቴ አልመረቀችኝም። መሄዴን አልወደደችውም ነበር። ሻንጣዬን ይዤ ደጃፍ ላይ ቆምኩ፤ እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ገብስ ትለቅማለች። “እማ፣ ልሄድ ነው” አልኳት። “የሚሄድ ሰው አያወራም” አለችኝ፤ ዞር አላለችም። ስደውልላት ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ እንባባልና ስልኩን ለእርስዎ ታቀብላለች። አምስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው።

ሳልመረቅ የወጣሁበት ደጅ እንዴት ተብሎ ይገባል? ሱቅ ብቻውን አይመልሰኝም። እሷ ካልጠራችኝ እፈርማለሁ።

ልጅዎ ቢልቂስ

---

ደሴ፣ ሆጤ
ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለቢልቂስ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱሏህ። ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፣ ወሬዬ ረጅም ስለሆነ።

አያንብቡላት ያልሽው ደብዳቤ የደረሰኝ መጽሐፉን ጨርሼው ነው። ጨርሼው ብቻ አይደለም፤ ዱዓ ተደርጎ፣ ንፍሮ ተበልቶ ነው። ተቀመጪና አንብቢው።

የኛ ሰው ሲነበብለት ዝም ብሎ እንደማይሰማ ታውቂያለሽ። መንዙማ ተቀባይ እንዳለው፣ ለእኔም ንባብ ተቀባይ ተገኘለት። ሱሀይላ “ያ ረቢ፣ ካገሬ አግባኝ” ስትል ሴቶቹ በአንድ አፍ “አሚን” አሉ። አሠሪዋ በሩን ሲቆልፍባት ደግሞ በሙሉ አዑዙ ቢላህ። እኔም እውነቱን ለመናገር ድምፄ አማረብኝና ቀጠልኩ። ከዚያ ወዲህ ለማስፈጨት የምትመጣ ሁሉ ሰላምታዋ “ከሱሀይላ ወሬ አለ?” ሆነ። የሷን ነገር ሳትሰማ ዱቄቷን ይዛ የምትሄድ ጠፋች።

የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ልጅቷ አውሮፕላን ማረፊያ ትደርሳለች፤ መጽሐፉ እዚያው ያልቃል። ትግባ አትግባ ደራሲው አልተናገረም። መንገድ ላይ ያለን ሰው እንዲሁ መተው ነውር ነው ተባለና ባለፈው ሐሙስ ዱዓ እንዲደረግላት ተስማሙ። አንዷ ንፍሮ ቀቅላ መጣች፣ ሌላዋ ቴምር ያዘች። ወይዘሮ አትጠገብም በበኩሏ ለታኅሣሥ ገብርኤል ሻማ ተስዬላታለሁ አለች።

መብራት ጠፍቷል፣ ወፍጮው ቆሟል፣ እጅ ሁሉ ተዘርግቷል። በዚህ መሀል መምህርት ጽናት ሽሮዋን ልታስፈጭ መጣች። የማን ዱዓ ነው ብላ ጠየቀች፤ ተነገራት። እሷም በየዋህነት፣ ሱሀይላ እኮ ልብ ወለድ ናት፣ ደራሲው ከራሱ የፈጠራት ናት፣ እንዲህ የምትባል ልጅ የለችም አለች።

ንፍሮ የጎረሰች ሴትዮ ማኘኳን አቆመች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ አውቅ ነበር፤ ልነግራቸው ቀን ስመርጥ ነው የሰነበትኩት። ወይዘሮ አትጠገብ ቀድማ፣

“እና የተሳልኩትን ሻማ ልትመልሽልኝ ነው?” አለቻት።

ጥጉ ላይ ያለችው እናትሽ ያኔ ተናገረች። ወፍጮ ቤት ሰው ሁሉ እየሰማ ስትናገር የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

“ላልተወለደች ልጅ እጄን ካነሳሁ፣ ለወለድኳት ምን ያዘኝ?”

እጇን አላጠፈችም፤ እንደተዘረጋ ነው። እንዲህ አለች፣ ቃል አልጨመርኩም፦ “ያ አላህ፣ ቢልቂስን፣ የኔን ልጅ፣ የወጣችበትን ደጅ አሳያት። ስትወጣ የከለከልኳትን ስትገባ እሰጣታለሁ።” ቤቱ በሙሉ “አሚን” አለ። አትጠገብ “አሜን” አለች። ጽናትም አለች። ከዚያ እናትሽ የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

መብራቱ መጣ። ተራዬ ነው ብሎ የተነሳ የለም።

ስለ መጽሐፉ ፍርዴን ጠይቀሽኝ ነበር። መወልወያ አያውቅም ያልሽው ልክ ሳይሆን አይቀርም። ሥራውን አያውቅም፤ መጠበቅን ግን ያውቃል። እኔ ሁለት ቅጂ እንዲኖርሽ እመክራለሁ።

አጎትሽ ሙሄዲን

---

ደሴ፣ ሆጤ
ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለቢልቂስ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ለዚያ ለረጅሙ ደብዳቤዬ መልስ የለም። ፊደል አሳስቼ የማይነበብ ነገር ልኬ ይሆን ብዬ ለጽናት አሳየኋት። ሁለት ቦታ ቀይ አድርጋ መለሰችልኝ፤ ቀሪው ይነበባል ብላለች።

የጥር አጋማሽ ደረሰ። እናትሽ አትጠይቀኝም፤ ግን ስልኬ ጮኸ ማለት ወንፊቷን ታስቀምጣለች።

ባለፈው ሳምንት ለወፍጮው መለዋወጫ ፍለጋ ቦሩ ሜዳ ሄጄ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ያንን የግጥም መጽሐፍ ከኪሴ አወጣሁት። እንግዶቹ የሄዱበትን ቤት አነበብኩት። ቤቴ ስገባ ወንበሮቹን አየኋቸው። ባዶው ቦታ ማረፊያ ነው ያልሽው እውነት ነው፤ ግማሽ ቁና ያልኩትን አንስቻለሁ። ይህን ለማንም እንዳትነግሪ፣ ስሜ ይጠፋል።

መልስ ጻፊ። ቢሻሽ በድምፅ ላኪ።

ሙሄዲን

---

ሻርጃ
ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለሙሄዲን፤

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱሏሂ ወበረካቱህ። በድምፅ አልልክም፤ ሕጉን ያወጡት እርስዎ ነዎት።

ያልጻፍኩት ደብዳቤዎን አምኜ ለመጨረስ ጊዜ ስለፈለግሁ ነው። እውነት ከሆነ እንዳላበላሸው፣ ለማጽናናት ብለው የጻፉት ከሆነም እንዳላፍር ፈራሁ። ትናንት ማዳም ወረቀቱን አቀረበችልኝ። እስክሪብቶውን ያዝኩና መልሼ አስቀመጥኩት። ምን ሆንሽ አለችኝ። እናቴ ጠራችኝ አልኳት። እናት ከጠራች ምን ይባላል ብላ ወረቀቱን አጣጠፈችው።

ከዚያ ደወልኩላት። ስልኩን ለማንም አላቀበለችም። ስለ ጎረቤት ድመት አወራን፣ ስለ ጉንፋኗ አወራን፣ ያቺ በቅሎ በመጨረሻ ተሻገረች ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ለካ እዚያ ጋ ያነበቡ ቀን ቀድማ ሄዳ ኖሯል። ተሻግራለች አልኳት። አልሐምዱሊላህ አለች። ስለ ዱዓው አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። የካቲት ሲገባ፣ ረመዳን ሳይያዝ እመጣለሁ ስላት፣ “እንግዲያው ገብሱን አሁን ማስለቀም አለብኝ” አለችኝ።

አንድ ነገር ብቻ አሁንም አልገባኝም። እናቴ አባቴ የሞተ ጊዜ እንኳ ሰው ፊት አላለቀሰችም። አለቀሰች ያሉበትን መስመር ስንት ጊዜ እንደተመለስኩበት አላውቅም። እንዴት ነው ያለቀሰች? እስቲ በደንብ ይጻፉልኝ።

ቧንቧ ውሃ ያለውን ክፍል ሌላ ሰው እንዳይይዘው ይንገሩልኝ።

ልጅዎ ቢልቂስ

---

ደሴ፣ ሆጤ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለቢልቂስ፤ ልትመጪ ነውና ወደ ሻርጃ የምልክልሽ የመጨረሻው ደብዳቤ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱሏሂ ወበረካቱህ። መንገድሽን እንደ ደቀቀ ዱቄት ያለስልሰው።

ክፍሉ ተይዟል፤ የያዝኩት እኔ ነኝ። ጣውላ አስመጥቼ መደርደሪያ አሠርቻለሁ። ረድፉ የተራራቀ ነው፣ ለወፍራሙ መጽሐፍ ተብሎ። መጻሕፍቱንም በራሴ ሥርዓት ደርድሬአቸዋለሁ፦ ከታች ሸርክት ማለት ሻካራው፣ ከመሀል ደቃቁ፣ ከላይ ዳግመኛ ወፍጮ ላይ ቢወጡ የሚሻላቸው። ባለ ክራባቱ ከላይ ነው። ግጥሙን ከምትቀመጪበት አጠገብ ባለው ላይ አስቀመጥኩት። መጥተሽ ብትለውጪው አልቀየምም፤ ለጥቂት ቀን ግን አኩርፋለሁ።

ወይዘሮ አትጠገብ ሻማውን ለገብርኤል አስገብታለች። ሱሀይላ የለችም ተብሎ ተነገረሽ አይደል ብላት፣ “እሷ ባትኖር እሱ ያውቃል ለማን እንደሚያደርገው” አለችኝ። አሁን ቢልቂስ ገባች ወይ እያለች ነው የምትጠይቀው። የጃንጥላው መጽሐፍ ግን መደርደሪያው ላይ የለም። እናትሽ ወስዳዋለች። ማንበብ አትችልም፤ መልሺ ብላት ገና አልጨረስኩትም ትላለች። በሚያዝያ የማታ ትምህርት ሊመዘግቡ ነውና ጽናት ስሟን ጽፋዋለች፤ እናትሽ ግን በፊርማው ፈንታ አሻራ ለማድረግ ጣቷን አላጠቆረችም፣ ሲደርስ በእጄ እፈርማለሁ ብላ።

እንዴት ነው ያለቀሰች ብለሽ ጠይቀሽኛል። ቲኬቱ ተቆርጧል አይደል? እንግዲያው ልንገርሽ። ከጻፍኩልሽ ውስጥ ዱዓው እውነት ነው፤ ቃሉ የሷ ነው፣ አንድ አልጨመርኩም አልቀነስኩም። ንፍሮውም እውነት ነው፣ ሻማውም፣ በቅሎዋም። አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ። እናትሽ አላለቀሰችም። ዓይኗ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ደረቅ ነበር።

የነጠላዋ ጫፍ ዓይን ላይ መዋሉ ግን ውሸት አይደለም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ሴቶቹ ምን ሆንክ ሲሉኝ ዱቄት ገብቶብኝ ነው አልኳቸው። ሳፊያ ተነስታ መጣች፣ የነጠላዋን ጫፍ ሰጠችኝና፣ “እንካ፣ ዱቄትህን ጥረግ” አለችኝ።

መብራት እኮ ጠፍቶ ነበር፤ ወፍጮው ከቆመ ቆይቶ ነበር፤ የምን ዱቄት?

አጎትሽ ሙሄዲን